ማውስና የዳታቤዝ ቁልፍ በአንድ ፊርማ? («አንድ ፊርማ ለሁሉም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ)

ሰሞኑን «አንድ ፊርማ ለሁሉም» የሚል ጽሑፍ በእኛ በአይቲ ሰዎች መካከል ሲዘዋወር ነበር። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዱማ «አንተን ነው የሚሉት» ብሎ ሳቀብኝ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሠራተኛው ከአይቲ አገልግሎት ካታሎጉ (ከአይቲ ክፍል የሚጠየቁ ነገሮች ዝርዝር) የሚጠይቀው ነገር ሁሉ፣ ላፕቶፕም ይሁን ማውስ፣ ቪፒኤንም (ከውጭ ሆኖ ወደ ቢሮ ኔትወርክ መግቢያ) ይሁን ሶፍትዌር፣ መጀመሪያ በቅርብ ኃላፊው፣ ቀጥሎ በአይቲ ኃላፊው ይጽደቅ። «እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ እንዲያ ከሆነ ወደዚያ» የሚል ሁኔታ አይግባበት። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ደርድረዋል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አስቀምጠዋል። ጽሑፋቸው በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። እኔም በዚያው ልክ ልመልስ።

የማንጣላበትን ላስቀድም። ጸሐፊው የሚፈሩትን እኔም እፈራለሁ። ማን እንደፈቀደው የማይታወቅ ዕቃ፣ ማን እንደሰጠው የማይታወቅ የአድሚን መብት፣ ማለትም ሲስተሙን እንዳሻ የማየትና የመቀየር ሥልጣን። ኦዲተር ፊት ቆሞ «ይሄን ማን ፈቀደ?» ሲባል ጣራ ጣራ ማየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የምንለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያታቸው ተጠያቂነት ነው። ሁለት ሰው ከፈረመ ሁለት ተጠያቂ አለ ይላሉ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ከሆነ ደግሞ አድልዎ አይኖርም።

እስቲ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ቀድሞ የሠራሁበት ድርጅት ደንቡ ልክ ጸሐፊው እንደሚሉት ነበር። ሁሉም ነገር ሁለት ፊርማ። አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ማውሷ ተበላሸና አዲስ ጠየቀች። ኃላፊዋ መስክ ወጥተው ነበር። ዘጠኝ ቀን ጠበቀች። በመጨረሻ ሰለቻትና ከኪሷ ገዛች። ኃላፊው ሲመለሱ የተጠራቀመውን ጥያቄ አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ጨረሱት። ከአርባ በላይ ነበር። ስልካቸው ላይ «አጽድቅ»፣ «አጽድቅ»፣ «አጽድቅ»። ከነዚያ አንዱ፣ ለሦስት ወር ልምምድ የመጣ ተማሪ በሒሳብ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ላይ ሙሉ የአድሚን መብት እንዲሰጠው የሚል ነበር። ልጁ ተንኮል አልነበረውም። ፎርሙ ላይ ካሉት ምርጫዎች የትኛው ለእሱ እንደሚሆን ስላልገባው ትልቁን መረጠ። ኃላፊው አጸደቁ። የአይቲ ኃላፊያችንም «አለቃው ካመኑበት» ብለው አጸደቁ። መብቱ ተሰጠ። ነገሩን ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ፣ ልጁ ራሱ መጥቶ «ይሄ ሁሉ ነገር ለምንድን ነው የሚታየኝ?» ሲለን ነው።

ሁለት ፊርማ ነበረ። ያየ ሰው ግን አልነበረም። የመጀመሪያው ፈራሚ በሁለተኛው ተማመነ፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው። ፊርማው ባይኖር ይሻል ነበር እስከማለት እደርሳለሁ። ቢያንስ ማንም እንዳላየው እናውቅ ነበራ።

የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኡበር የተጠቃው በዚሁ ነገር ነው። አጥቂው የአንድ ኮንትራክተር ፓስወርድ ነበረው። ለመግባት ግን ሰውየው የመግቢያ ጥያቄውን መፍቀድ ነበረበት። አጥቂው ደጋግሞ ሞከረ፣ ጥያቄው ደጋግሞ መጣ። ሰውየው መጀመሪያ አልፈቀደም። ኋላ ላይ አንዱን ፈቀደ፤ በቃ፣ አጥቂው ገባ። በዓመቱ ማይክሮሶፍት ኦተንቲኬተር በሚባለው የመግቢያ ማረጋገጫ መተግበሪያው ላይ ዝም ብሎ «ፍቀድ» መጫንን አስቀርቶ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ካልጻፉ የማያልፍ አደረገው። ጥያቄ ሲበዛበት የሰው እጅ ከዓይኑ እንደሚቀድም ገብቷቸዋል።

እኔ ማጽደቅን የማየው እንደ ጥያቄ ነው። ለአንድ ሰው «ይሄ ይሁን ወይ?» ብለን እንልካለን። መልሱን ለማያውቅ ሰው ከላክንለት ብዙ ጊዜ «ይሁን» ነው የሚለን። ሶፍትዌሩ ለሥራው ያስፈልጋል ወይ የሚለውን የቅርብ ኃላፊው ያውቃል። በጀት አለ ወይ የሚለውን ፋይናንስ ያውቃል። የደመወዝ መረጃ ለማን ይታይ የሚለውን የሰው ሀብት ያውቃል። የአይቲ ኃላፊው ከነዚህ አንዱንም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ነገሩ ካለን ሲስተም ጋር ይስማማ እንደሆነ ነው። ሁኔታ የምንለው ነገር ሥራው ይኸው ነው፦ ጥያቄውን መልሱ ወዳለበት ሰው መምራት። የመረጃ ደኅንነት ዓለም አቀፍ መመሪያ የሆነው የ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) አይኤስኦ 27002 እንኳ የመረጃ መዳረሻ ሲሰጥ በቅድሚያ የሚጠይቀው የመረጃውን ባለቤት ፈቃድ ነው። የአለቃ ፈቃድ እንደ አስፈላጊነቱ ይጨመራል።

ስለ አድልዎ ብዙ አልልም። ማውስ የጠየቀችውንና የዳታቤዝ ቁልፍ የጠየቀውን እኩል ማጉላላት ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ላይ እውነት አላቸው። ሙሉ ባይሆንም። ሁኔታ ሲበዛ ይተበተባል፣ የሠራው ልጅ ሥራ ሲለቅ የሚፈታው ይጠፋል ይላሉ። አይቻለሁ። እንዲያውም ራሴ አድርጌዋለሁ። ሰርቪስናው በሚባለው የአይቲ ጥያቄ ማስተናገጃ ሲስተም ላይ፣ በፍሎው ዲዛይነር የሠራሁት አንድ ፍሎው (ጥያቄው የሚሄድበት የደረጃዎች ሰንሰለት) ነበረ፤ «ከሆነ» በ«ከሆነ» ውስጥ፣ እሱም በሌላ «ከሆነ» ውስጥ። ከስድስት ወር በኋላ ራሴው ከፍቼው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ጠፋኝ።

ጥፋቱ ግን ደንቡን ያስቀመጥኩበት ቦታ ላይ ነው። ደንብ ፍሎው ውስጥ ሲቀበር የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። አውጥታችሁ ሠንጠረዥ አድርጉት። ሰርቪስናው ለዚሁ የሚሆን የውሳኔ ሠንጠረዥ አለው። ሌላ ሲስተም የምትጠቀሙም ብትሆኑ ደንቡን መጀመሪያ ኤክሴል ላይ ጻፉት፣ ከዚያ ሥሩት። የተጠየቀው ምንድን ነው፣ ለማን ነው፣ የማንን መረጃ ይነካል፣ ስንት ያወጣል፣ ማን ያጸድቃል። አንድ መስመር አንድ ደንብ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ኮድ ሳታውቅ አንብባ «ይሄ ልክ አይደለም» ማለት መቻል አለባት። ሠንጠረዡ ከአንድ ገጽ ካለፈ ደንባችሁ በዝቷል፤ ቀንሱ።

ጸሐፊው ያላነሷቸው፣ ከመተብተቡ በላይ የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ፈቃዱ የት ደረጃ ላይ ይቀመጥ የሚለው ነው። ሰርቪስናው ላይ አንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ፣ ማውስና የቪፒኤን መዳረሻ በአንድ ቅርጫት ሲልክ፣ ከላይ አንድ ሪኩዌስት ይፈጠራል። ከሥሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ቁጥር ይወጣል። ፈቃዱን ከላይ ካስቀመጣችሁት ላፕቶፑ ውድቅ ሲደረግ ማውሱም ቪፒኤኑም አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ ሁኔታው ከታች፣ በየዕቃው ላይ ይሁን። ይቺን ባለማወቅ ስንት ቀን የፈጀሁባትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላው የአለቃ ጉዳይ ነው። «ለቅርብ ኃላፊው ላክ» ስንል ሲስተሙ አለቃውን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ማለትም ከማይክሮሶፍት የሠራተኞች አካውንት መዝገብ ነው። እዚያ ማናጀር የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነስ? ከለቀቀ ዓመት የሞላው ሰው ስም ከሆነስ? የእኛ ሀገር ነገር ደግሞ ይጨመራል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። በራሳቸውም በአባታቸውም ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማግኘት ብርቅ አይደለም። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ አንዷ ፀሐይ በአራት ዓይነት ትጻፋለች። አንድ ጊዜ የአለቆችን ዝርዝር በስም አዛምደን አስገባን። የአንድ ክፍል ጥያቄ በሙሉ ለአለቃው ሞክሼ፣ ለአንድ ሹፌር ሲሄድ ከረመ። ሹፌሩ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበር። አንዱንም አላጸደቀም። (ከብዙ አለቆች የተሻለ አጽዳቂ ነው ብዬ አምናለሁ።) ስለዚህ በሠራተኛ መለያ ቁጥር አዛምዱ። አጽዳቂው ባዶ ሲሆን ሲስተማችሁ ምን እንደሚያደርግም ሥራ ላይ ሳታውሉት በፊት ሞክራችሁ እዩ። ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ከሆነ ሠንጠረዡ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጠያቂው ራሱ አለቃ ሲሆን ደግሞ የራሱን ጥያቄ ራሱ እንዳያጸድቅ ተጠንቀቁ። ሌላው የጥያቄ ማስተናገጃ ሲስተም፣ ጂራ ሰርቪስ ማኔጅመንት፣ ጠያቂውን ከአጽዳቂነት የሚያስወጣ ምርጫ አለው፤ አብሩት። ሴክሬታሪዋ ለአለቃዋ ስትጠይቅ ደግሞ የጠየቀው ሌላ፣ የተጠየቀለት ሌላ ነው። ሁኔታው መታየት ያለበት በተጠየቀለት ሰው ነው። በመጨረሻም ከደንቦቹ ከአንዱም ጋር ያልገጠመ ጥያቄ ምንጊዜም ወደ ሰው ይሂድ።

ሦስተኛው ላይ ጸሐፊው ትንሽ ላላ ይላሉ። ሁኔታ የግድ ካስፈለገ የገንዘብ ጣሪያ ይበቃል ባይ ናቸው። ምሳሌያቸው ከ50 ሺህ ብር በታች የቅርብ ኃላፊ፣ ከዚያ በላይ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሚል ነው። ይሄ ሐሳብ ብቻቸውን የያዙት አይደለም። ከሰርቪስናው ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣው የቆየ የካታሎግ ወርክፍሎው (የማጽደቂያ ቅደም ተከተል) ከ1,000 ዶላር በታች የሆነን ጥያቄ በራሱ ያሳልፍ ነበር።

ብር ግን አንድ ቦታ አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን፣ አንድ ዶላር 58 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከ120 አለፈ። ትናንት 50 ሺህ ውስጥ ይገባ የነበረው ላፕቶፕ ጣሪያውን ጥሶ ሄደ። ደንቡ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን ማንም አልነካውም። ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ሁሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተከመረ። እሳቸውም እንደዚያኛው ኃላፊ በአንድ ምሽት አርባውን ማጽደቅ ጀመሩ። ጣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቁጥሩ በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ። በየዓመቱ ሐምሌ 1፣ አዲሱ በጀት ሲጀምር፣ ፋይናንስ ይየው።

ዋናው ጉዳይ ግን አደገኛው ነገር ብዙ ጊዜ ነጻ መሆኑ ነው። የአድሚን መብት ዜሮ ብር ነው። የሌላ ክፍል ፎልደር መክፈት ዜሮ ብር ነው። የመሥሪያ ቤት ኢሜይልን ወደ ግል ጂሜይል ማስተላለፍም ዜሮ ብር ነው። በገንዘብ ጣሪያ ብቻ ከሄድን ልምምድ የመጣው ልጅ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ትልቅ ሞኒተር የጠየቀው ዲዛይነር ይታገዳል። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የግል መረጃን መጠበቅ የሕግ ግዴታ ነው። «ርካሽ ስለነበር አሳለፍነው» የሚል መልስ የትም አያደርስም።

ገንዘብ ላይም ቢሆን ከዋጋ የተሻለ ጥያቄ አለ። የተከፈለበት፣ ማንም ያልያዘው ላይሰንስ አለ ወይ? ካለ ፋይናንስን ማስቸገር ለምን? ካለቀ ይጠየቁ።

አራተኛው አጭር ነው፤ መልሴም አጭር ነው። ሲስተም ራሱ የሚያጸድቅ ከሆነ በር ከፍቶ መተኛት ነው ይላሉ። እዚህ ላይ በራሱ ያለፈን ነገር ማንም እንዳልፈቀደው አድርገው ቆጥረውታል። ተፈቅዷል እኮ። ቀደም ብሎ፣ አንድ ጊዜ፣ በወጉ ተወያይተውበት ተፈቅዷል። አይቲል የሚባለው የአይቲ አገልግሎት አሠራር መመሪያ ስታንዳርድ ቼንጅ (አስቀድሞ የተፈቀደ ለውጥ) የሚለው ሐሳብ ይኸው ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አይቲል 4 ደግሞ የትኛው የአገልግሎት ጥያቄ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ እንደሚያልፍ ድርጅቱ አስቀድሞ እንዲወስን ይመክራል። ገደብም ይኑረው። ማውስ፣ ኪቦርድ ወይም የጆሮ ማዳመጫ በ12 ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ይለፍ። ሁለተኛ ከሆነ ወደ ሰው። አለቃው በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩ ይድረሰው። በወር ሦስት ማውስ የሚፈጅ ሠራተኛ ካለ ያኔ ይታያል።

አምስተኛው ላይ ግን ገረመኝ። ሁሉም ነገር በሁለት ሰው ይፈረም ካሉ በኋላ መዘግየቱን እንዴት ይፈቱታል? «በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ሲስተሙ ያጽድቀው» ይላሉ። እንዴ! አራተኛው ላይ የዘጉትን በር አምስተኛው ላይ ራሳቸው በረገዱት። በእኔ ሠንጠረዥ በራሱ የሚያልፈው ማውስ ነው። በእሳቸው ደንብ የሚያልፈው አለቃ ያላየው ነገር ሁሉ ነው። እስቲ አስቡት። አንዱ የጸሎተ ሐሙስ ማታ የአድሚን መብት ይጠይቃል። አርብ ስቅለት ነው። ቅዳሜ ማታ 48 ሰዓቱ ይሞላል፣ አለቃው ቅዳሴ ላይ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብታችሁ «እንኳን አደረሳችሁ» ስትባባሉ መብቱ ሥራ ላይ ነው። ይሄን ለመረዳት ሌባ መሆን አያስፈልግም፤ ካላንደር ማየት ብቻ በቂ ነው።

ሲስተሙ ይፈቅዳል፣ አልካድኩም። ሰርቪስናው ላይ ለፈቃድ ጥያቄ የጊዜ ገደብ ሰጥቶ፣ ሲያልፍ አጽድቅ፣ ውድቅ አድርግ ወይም ሰርዝ ማለት ይቻላል። እኔ «አጽድቅ» የሚለውን ነክቼው አላውቅም። የምንሠራው እንዲህ ነው። አንድ የሥራ ቀን ሲያልፍ አስታዋሽ ይሄዳል። ሁለተኛው ሲያልፍ ወደ ተወካዩ ይዞራል። ሰዓቱ የሚቆጥረው የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ካላንደሩ ላይ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ኢድና መውሊድ ገብተዋል። እንደ ፋሲካና እንደ ኢድ ያሉት በየዓመቱ ቀናቸውን ስለሚቀይሩ ይሄን የሚያስተካክል ሰው ተመድቧል። ትንሽ ሥራ ይመስላል። ያልተመደበበት ዓመት ግን አይተነዋል።

ተወካይ ስል ፓስወርድ ለሴክሬታሪ ሰጥቶ መስክ መውጣትን አይደለም። ይሄ ነገር ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የምናወራው ግን በሹክሹክታ ነው። ሲስተሙ ውስጥ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ለማጽደቅ ብቻ ብሎ መወከል ይቻላል። ያኔ መዝገቡ ላይ የፈረመው ሰው ራሱ ይታያል። በቴሌግራም «እሺ» ተብሎ የሚሰጠው ፈቃድ ግን ፓስወርድ እንደማዋስ ነው፤ መዝገቡ ላይ ማን እንደፈቀደ አያሳይም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ምን ያድርግ ትሉኝ ይሆናል። እሺታውን የተቀበለው ባለሙያ ቲኬቱ (የጥያቄው መዝገብ) ላይ ይጻፈው፣ አለቃው ሲገቡ ራሳቸው ያረጋግጡት። የዳታቤዝ መብት ከሆነ ግን እስኪገቡ ይጠበቅ።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ፦ «ሲስተም ያጸደቀው ላፕቶፕ ቢጠፋ ማንን ልጠይቅ?» ምሳሌው ላይ ትንሽ ልቃወም። በእኔ ሠንጠረዥ ላፕቶፕ በራሱ አያልፍም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ ላፕቶፑን በማውስ ተክቼ ልመልስ።

አሁን የምሠራበት ቦታ የሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ «የደንቡ ባለቤት» ይላል። በእያንዳንዱ መስመር አንድ የሥራ መደብና ደንቡ የጸደቀበት ቀን ተጽፏል። የደመወዝ ሲስተሙ ባለቤት የሰው ሀብት ኃላፊው ናቸው። የማውሱ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊዋ። አንድ ጥያቄ በራሱ ሲያልፍ «በደንብ 7 ያለፈ» ተብሎ ቲኬቱ ላይ ይመዘገባል። ባለፈው ዓመት ኦዲተሩ መጥተው ከተሰጡት ማውሶች አንዱን መዘዙና «ይሄን ማን ፈቀደ?» አሉ። ቲኬቱን ከፈትንላቸው። ከዚያ ደንብ 7ን። ባለቤቷን አነበቡ፣ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ጠቅላላ አገልግሎት ደወሉ። እኔን ምንም አልጠየቁኝም።